ያለፉ ዓመታትን የገቢ ግብር ሒሳብ ስለ መዝጋት

የንግድ ፈቃድ በሚታደስበት ወራት በየከተማው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ከሚሰማው አቤቱታ ብዙው የያዝነውን ዓመት ግብር የሚመለከት አይደለም። ባለጉዳዩ የዓመቱን ግብር ለመክፈል ገንዘቡን ቋጥሮ መጥቷል፤ ይሁን እንጂ ስሙ በመዝገብ ሲፈለግ ከሦስት ወይም ከስድስት ዓመት በፊት ሳይዘጋ የቀረ ሒሳብ ይገኝበታል። ይኸው እስኪጣራ ድረስ ከግብር ዕዳ ነጻ መሆኑን የሚያስረዳው ወረቀት፣ በተለምዶ ክሊራንስ የሚባለው፣ አይሰጠውም፤ ክሊራንስ ካልተሰጠው ፈቃዱ አይታደስም፤ ፈቃዱ ካልታደሰም ሱቁን ከፍቶ መነገድ አይችልም። እንዲህ ሆኖ አንድ የተረሳ ዓመት የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ ሲያግድ ይታያል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ግብር ጥቅም ለመስበክ የታሰበ አይደለም፤ ስለዚያ ብዙ ተብሏል። የታሰበው፣ ስላለፈ ዓመት ግብር ጥያቄ የቀረበለት ሰው ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚይዝ፣ በስንት ቀን ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚገባው ለማስረዳት ነው፤ እንዲሁም ጉዳዩን የሚያዩት የከተማና የወረዳ ሹማምንት ሊዘነጉት የማይገባቸውን ነገር ለማስታወስ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖችና የቅጣት መጠኖች በ2008 ዓ.ም. ከወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 የተወሰዱ ናቸው። ክልሎች የየራሳቸው የግብር አዋጅ ስላላቸው፣ ጉዳዩ በክልል የሚታይለት ሰው የክልሉን አዋጅና ከዚያ ወዲህ የወጡ ማሻሻያዎች ካሉ እነዚያን ጠይቆ ቀኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ጉዳዩ የማን መሥሪያ ቤት እንደ ሆነ ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት መሠረት፣ በክልሉ ውስጥ የሚነግዱ ግለሰቦች የትርፍ ግብር፣ በክልሉ ካሉ የግል ቤቶችና ሌሎች ንብረቶች የሚገኝ ገቢ ግብር፣ እንዲሁም የክልሉ መንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች የደመወዝ ግብር የክልሉ ገቢ ነው። የፌዴራል መንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞች የደመወዝ ግብር የፌዴራሉ ነው። የኩባንያዎች የትርፍ ግብር ግን የሁለቱ የጋራ ነው። ስለዚህ አንድ የእህል ነጋዴ በራሱ ስም ሲነግድ ቆይቶ በኋላ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያቋቁም፣ የቀድሞው ዘመን ወረቀቱ በአንድ ጽሕፈት ቤት፣ የኋለኛው በሌላ ጽሕፈት ቤት ሊገኝ ይችላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ የሚውለው ሰው ድካሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በአሮጌ ወረቀቶች ላይ የሚታየው የመሥሪያ ቤት ስምም ሰውን ያደናግራል። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ተቋቁሞ የአገር ውስጥ ገቢና የጉምሩክ ሥራ በአንድነት ሲመራ ቆየ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ጉምሩክ በኮሚሽንነት ተለይቶ የገቢዎች ሚኒስቴር ተቋቋመ። በቀድሞው ባለሥልጣን ማኅተም የተሰጠ ደረሰኝ ወይም የውሳኔ ደብዳቤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ስለ ተለወጠ ብቻ ዋጋውን አያጣም። ስለዚህ የድሮ ስም አይቶ «ይህ ጊዜው ያለፈበት ነው» ብሎ ወረቀቱን የሚመልስ ጸሐፊ ቢኖር፣ ባለጉዳዩ በትሕትና የክፍሉን ኃላፊ መጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ማስተዋል ይፈልጋል። ያለፈ ዓመት ግብር የሚሰላው በዚያ ዓመት በሚሠራበት ሕግ ነው እንጂ በዛሬው ሕግ አይደለም። የግብር ዘመኑ ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ሰኔ 30 ቀን ያለው ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 እስከ 2008 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ ድረስ ለነበሩት ዘመናት ይሠራል፤ ከ2008 ዓ.ም. ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 979 ተተካ፤ ይህም በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው አዋጅ ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ 150 ብር ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው 600 ብር ሆነ፤ በማሻሻያው 2,000 ብር ደረሰ። የነጋዴዎች ደረጃም እንዲሁ ተለዋውጧል፤ በ1994ቱ አዋጅ የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በላይ የሆነ ግለሰብ ደረጃ ሀ ይባል ነበር፤ በ2008ቱ አዋጅ 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሸጠ ብቻ ደረጃ ሀ ሆነ፤ በ2017ቱ ማሻሻያ ደግሞ ደረጃ ሐ የሚባለው ቀርቶ ሁለት ደረጃዎች ብቻ ቀርተዋል። ስለዚህ ባለጉዳዩ ወይም ሹሙ የ2006 ዓ.ም. ሒሳብ ሲያነሣ አስቀድሞ «በዚያን ጊዜ ይህ ሰው ምን ደረጃ ነበር? ምን መዝገብ እንዲይዝ ይገደድ ነበር?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ያን ጊዜ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያልነበረበትን ሰው ዛሬ ስለ መዝገብ ማጣት መውቀስ አግባብ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በከተማው ሰው ዘንድ «አምስት ዓመት ካለፈ ግብር አይጠየቅም» የሚል ወሬ ሥር ሰዷል። ወሬው ከእውነት ፈጽሞ የራቀ ባይሆንም፣ ግማሹ ተቆርጦ ስለሚነገር ብዙ ሰው ጎድቷል። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው፤ ግብር ከፋዩ ግብሩን በራሱ አስልቶ ማስታወቂያ ካቀረበ፣ መሥሪያ ቤቱ ያንን ስሌት መርምሮ ሊያሻሽለው የሚችለው ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን አንሥቶ በ5 ዓመት ውስጥ ነው። ማጭበርበር ወይም ከባድ ወይም ሆን ተብሎ የተደረገ ቸልተኝነት ካለ ግን የጊዜ ገደብ የለውም፤ በማናቸውም ጊዜ ሊነሣ ይችላል።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ የ5 ዓመቱ ቁጥር የሚነሣው ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን ነው እንጂ ዓመቱ ካለቀበት ቀን አይደለም። ማስታወቂያ ያላቀረበ ሰው የሚቆጠርለት ቀን የለውም። በ2010 ዓ.ም. ሒሳቡን በጊዜው አቅርቦ ጥቂት የተሳሳተ ነጋዴና በዚያው ዓመት ዝም ብሎ የተቀመጠ ጎረቤቱ ዛሬ እኩል አይደሉም። የፊተኛው ዓመቱ ተዘግቶለታል፤ የኋለኛው ግን በሩ እንደ ተከፈተ ነው። ዝም ማለት ዕዳን የሚያስረሳ የሚመስላቸው ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። ትርፍ ያልተገኘበት ዓመት እንኳ ቢሆን «አላተረፍሁም» ተብሎ በጽሑፍ መቅረብ ይገባዋል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ንግዳቸውን አቁመው ፈቃዳቸውን ያልመለሱ ሰዎች ናቸው። አንዲት እናት ትንሽ ምግብ ቤት ከፍተው፣ ነገሩ አልሆን ሲላቸው በሁለተኛው ዓመት ዘግተው ወደ ልጆቻቸው ዘንድ ሄዱ እንበል። በመዝገቡ ላይ ግን ምግብ ቤቱ እንደ ተከፈተ ይቆጠራል፤ በየዓመቱ ማስታወቂያ ይጠበቅባቸዋል፤ ባለማቅረባቸውም ቅጣት ይከማቻል። ከስድስት ዓመት በኋላ ሌላ ፈቃድ ሊያወጡ ቢመጡ የሚጠብቃቸው በእጃቸው ገብቶ ለማያውቅ ገንዘብ የተጻፈ ዕዳ ነው። ሕጉ ንግዱን ያቆመ ሰው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያዛል። ይህ ያመለጠው ሰው ንግዱ የቆመበትን ቀን በማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል፤ የቤት ኪራይ ውል የፈረሰበት ወረቀት፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ የተቋረጠበት ደረሰኝ፣ ቤቱን በኋላ የተከራየው ሰው ውል ለዚህ ይጠቅማሉ። የቀበሌ የምስክር ደብዳቤ ይረዳል፤ ብቻውን ግን ሁልጊዜ አይበቃም።

ስላለፈ ዓመት ደብዳቤ የደረሰው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ደብዳቤው ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይለይ። ብዙ ሰው ከታች ያለውን የገንዘብ ልክ አይቶ ይደነግጥና ከላይ ያለውን ሳያነብ ይሄዳል። ነገሩ ግን የሚወሰነው ከላይ ባለው ነው።

ደብዳቤው «የዚህን ዓመት ማስታወቂያ አላቀረቡምና ያቅርቡ» የሚል ከሆነ ገና ውሳኔ አልተሰጠም። ይህ ደግ ጊዜ ነው፤ ግብር ከፋዩ የራሱን ሒሳብ በራሱ ለማቅረብ ዕድል አለው። የዘገየበት ቅጣት አይቀርለትም፤ የግብሩ ልክ ግን በሌላ ሰው ግምት ሳይሆን በራሱ ማስረጃ ይሰላለታል።

ደብዳቤው በግምት የተሠራ ስሌት ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ባለማግኘቱ በእጁ ባለው መረጃ ተመርቶ ግብሩን ወስኗል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚያደርጉት ስሕተት ቶሎ ብለው ማስታወቂያውን ሞልተው ማስገባትና ነገሩ አለቀ ብለው መቀመጥ ነው። የግምት ውሳኔው ከደረሰ በኋላ የሚቀርብ ማስታወቂያ በራስ የተሠራ ስሌት ተብሎ አይቆጠርም፤ ውሳኔውንም በራሱ አይሽረውም። ውሳኔውን የሚያስለውጠው በጊዜው የሚቀርብ ቅሬታ ነው፤ ማስታወቂያውና መዝገቡ ከቅሬታው ጋር በማስረጃነት ይያያዛሉ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የደረጃ ሐ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ አንዳንድ ከተሞች ሱቆች እስከ መዘጋት ደርሰው እንደ ነበር ይታወሳል። ስለ ግምቱ ትክክለኛነት ሰው የየራሱ አስተያየት ይኖረዋል፤ ነገር ግን የተዘጋ ሱቅ የቅሬታን ቀን አያቆምም።

ደብዳቤው በሒሳብ ምርመራ ወይም በኦዲት የተሻሻለ ስሌት ከሆነ፣ ቀድሞ የቀረበው ማስታወቂያ ተመርምሮ የተጨመረበት ነገር አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ከላይ የተባለው 5 ዓመት አልፎ እንደ ሆነ፤ አልፎ ከሆነም መሥሪያ ቤቱ ማጭበርበር ወይም ከባድ ቸልተኝነት ነበረ የሚልበትን ምክንያት ገልጾ እንደ ሆነ። ሁለተኛ፣ የተጨመረው ምን እንደ ሆነ፤ ሽያጭ ነው? ወይስ ውድቅ የተደረገ ወጪ? ቅሬታ ማቅረብ የሚቻለው በተለወጠውና በተጨመረው ላይ ብቻ ስለሆነ ይህን ነጥሎ ማወቅ ያስፈልጋል።

አራተኛው ዓይነት ደብዳቤ ዕዳ እንዲከፈል ብቻ የሚጠይቅ ነው። ይህ ሲመጣ ውሳኔው ቀድሞ ተሰጥቶ የቅሬታው ቀን አልፏል። በዚህ ጊዜ ስለ ግብሩ ልክ መከራከር አብዛኛውን ጊዜ ጊዜን ማባከን ነው፤ ባለጉዳዩ ውሳኔው በእርግጥ ደርሶት እንደ ነበር ማጣራት፣ ደርሶትም ከሆነ ስለ አከፋፈሉ መነጋገር ይሻለዋል። ሕጉ ግብር ከፋዩ በጽሑፍ ሲጠይቅ መሥሪያ ቤቱ የመክፈያ ጊዜ እንዲያራዝም ወይም በየጊዜው ተከፋፍሎ እንዲከፈል እንዲፈቅድ ሥልጣን ሰጥቶታል። ነገር ግን አንዱን ክፍያ በቀኑ ያልከፈለ ሰው ቀሪው በሙሉ ወዲያው ሊጠየቅበት ስለሚችል፣ የማይችለውን ውል አይግባ።

ቅሬታ የሚቀርበው የውሳኔው ማስታወቂያ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ደረሰ የሚባለው ለግብር ከፋዩ ወይም ለወኪሉ ሲሰጥ፣ በአደራ ፖስታ ሲላክ፣ ተቀባይ ካልተገኘም በቤቱ ወይም በሱቁ በር ላይ ሲለጠፍ ነው። «አላየሁትም፤ ሠራተኛው በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት ነበር» የሚለው ምክንያት እንደሚያሳዝን ባይካድም፣ ቀኑን ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። ስለዚህ በየሱቁ የሚሠሩ ልጆች የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲቀበሉ የተቀበሉበትን ቀን በጀርባው ጽፈው በዚያው ቀን ለባለቤቱ እንዲሰጡ ቢነገራቸው መልካም ነው።

ቅሬታው እንዴት ይጻፍ? ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የውሳኔው ቁጥርና ቀን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የግብር ዘመኑ፣ ትክክል አይደለም የሚባለው ነገር፣ ምን ሆኖ እንዲሻሻል እንደሚጠየቅና ምክንያቱ ይገለጽበት። ስለ ችግር፣ ስለ ልጆች ብዛት፣ ስለ አገር ፍቅር የሚጻፈው ሁሉ አንባቢውን ሊያራራ ይችል ይሆናል፤ ቅሬታ አጣሪው ክፍል ግን ውሳኔ የሚሰጠው በቁጥርና በማስረጃ ነው። ሌላም ግዴታ አለ፤ ክርክር ያልተነሣበት የግብሩ ክፍል አስቀድሞ ካልተከፈለ ቅሬታው በአግባቡ እንደ ቀረበ አይቆጠርም። 130,000 ብር እንዲከፍል ተወስኖበት 40,000ው ትክክል ነው፣ 90,000ው ግን አይገባኝም የሚል ሰው አስቀድሞ 40,000ውን ይከፍላል።

ቅሬታው ተመርምሮ የሚሰጠው ውሳኔ ያላረካው ሰው፣ ውሳኔው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይላል። መሥሪያ ቤቱ ቅሬታው ከቀረበለት ጀምሮ 180 ቀን ሙሉ ሳይወስን ቢቆይም፣ ባለጉዳዩ ከዚያ በኋላ ባለው 30 ቀን ውስጥ በቀጥታ ወደ ኮሚሽኑ መሄድ ይችላል፤ ስለዚህ «እስኪወስኑ እጠብቃለሁ» ብሎ ዓመት መቀመጥ መብትን ያሳጣል። ለይግባኙ ክርክር ከተነሣበት ግብር 50 ከመቶውን ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ከላይ በሰጠነው ምሳሌ 45,000 ብር ማለት ነው። ቅጣትና ወለድ በዚህ ስሌት አይገቡም። ከኮሚሽኑ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚኬደው በሕግ ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ ግብር ከፋዩ ይግባኝ ባይ ከሆነ መያዣው 75 ከመቶ ይደርሳል። ይህ ለትንሽ ነጋዴ ከባድ ሸክም መሆኑ ግልጽ ነው። ጸሐፊው እንደሚያስበው፣ ለዚህ ሸክም መድኃኒቱ በመጀመሪያው ደረጃ ማለትም በቅሬታው ላይ ሙሉ ማስረጃ ማቅረብ ነው፤ በዚያ ደረጃ ከማይከራከሩበት ገንዘብ በቀር የሚያዝ ገንዘብ የለምና።

ስለ ማስረጃ ስንናገር፣ ውሳኔው ስሕተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም ያለው በግብር ከፋዩ ላይ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። መሥሪያ ቤቱ ትክክል መሆኑን እንዲያስረዳ አይገደድም። ስለዚህ መዝገብና ደረሰኝ ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን ቢያንስ 5 ዓመት መቀመጥ አለበት፤ የንግድ ሕጉ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ካዘዘ በዚያው ልክ ይቀመጣል። መዝገብ መያዝ ሲገባው ያልያዘ ሰው ከግብሩ ላይ 20 ከመቶ ቅጣት ይጠብቀዋል።

መዝገቡ በእሳት፣ በጎርፍ ወይም በዝውውር የጠፋበት ሰውስ? ሁሉ ነገር አልጠፋበትም። ባንኩ የሒሳብ እንቅስቃሴውን ሊሰጠው ይችላል። ዕቃ ያቀረቡለት ጅምላ ነጋዴዎች የደረሰኝ ቅጂ ይኖራቸዋል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለድርጅት ዕቃ ሸጦ እንደ ሆነ፣ ከክፍያው ላይ በቅድሚያ የተቀነሰ ግብር ደረሰኝ፣ በተለምዶ ዊዝሆልዲንግ የሚባለው፣ ከገዢው ዘንድ ይገኛል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ሊፈለግ ይገባዋል፤ ሁለት ጥቅም አለውና። ሽያጩን ያስረዳል፤ የተቀነሰው ገንዘብም ከዓመቱ ግብር ላይ ይታሰብለታል። ደረሰኙን ሳያቀርብ ቀርቶ አንዴ የከፈለውን ግብር ሁለተኛ የሚከፍል ሰው አለ።

ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ሳይጠይቀው ያለፈ ዓመት ሒሳቡ ስሕተት እንዳለበት የተረዳ ሰው፣ በዚያው 5 ዓመት ውስጥ ምክንያቱንና የሚሻሻለውን ገልጾ ስሌቱ እንዲሻሻልለት ማመልከት ይችላል። ማሻሻያው ግብሩን የሚያበዛም የሚያሳንስም ሊሆን ይችላል። በምርመራ ተደርሶበት አሳንሶ ማስታወቁ የተረጋገጠበት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎደለው ግብር 10 ከመቶ፣ ለሁለተኛ ጊዜ 30 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 40 ከመቶ እንደሚቀጣ ሲታሰብ ቀድሞ መናገር የሚበጅ ይመስላል።

የመዘግየት ቅጣት እንዴት እንደሚያድግ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 40,000 ብር ግብር በጊዜው ሳይከፈል ቢቀር፣ ለመጀመሪያው ወር ወይም ለከፊሉ 5 ከመቶ፣ ይኸውም 2,000 ብር ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2 ከመቶ፣ ይኸውም 800 ብር ይጨመራል። በ6 ወር ቅጣቱ 6,000 ብር ይሆናል፤ በ2 ዓመት 20,400 ብር ይደርሳል። ቅጣቱ ከግብሩ ልክ እንዳያልፍ ሕጉ ቢወስንም፣ ከዚህ ሌላ ወለድ አለ፤ ወለዱም በባንኮች ዘንድ በሚሠራበት ከፍተኛው የብድር ወለድ ላይ 15 ከመቶ ተጨምሮበት የሚታሰብ ነው። እንግዲህ ለነጋዴ ከዚህ የከፋ ብድር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

«መንግሥት ይምራል» ብለው የሚጠብቁም አሉ። በእርግጥ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ የነበረ ውዝፍ የግብር ዕዳ እንዲሰረዝ፣ ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ላለው ደግሞ ዋናውን ግብር ለሚከፍሉ ወለድና ቅጣቱ እንዲነሣ ተወስኖ ነበር። ያ ውሳኔ ለዚያ ችግር የተደረገ ነበር። በመዝገቡ ላይ ከ2007 ዓ.ም. በፊት የሆነ ዕዳ አሁንም ተጽፎበት የሚያገኝ ሰው ግን ይህን ውሳኔ ጠቅሶ እንዲታይለት መጠየቅ ይገባዋል፤ ዕዳው ተሰርዞ መዝገቡ ሳይታረም የቀረበት ሁናቴ ሊኖር ይችላልና።

የቀረው ቃል ለጽሕፈት ቤቶቻችን ሠራተኞች ነው። ግብር ከፋዩ ሁሉን በ21 ቀን እንዲያደርግ የምንጠይቀው ከሆነ፣ ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር በማያሻማ ጽሑፍ ልንሰጠው ይገባል። በግምት ስለ ተሠራ ስሌት የሚሰጠው ማስታወቂያ የግብሩን ልክ፣ ቅጣቱንና ወለዱን፣ የግብር ዘመኑን፣ የመክፈያውን ቀንና ቅሬታ የሚቀርብበትን ሁናቴ ከነጊዜው እንዲገልጽ ሕጉ ያዛል። በመስኮት በኩል «ዕዳ አለብህ፤ ሂድና ክፈል» ብሎ መናገር ውሳኔ አይደለም፤ በስልክ መንገርም አይደለም። ገጠሩን ለቆ ከተማ የገባ፣ ፊደል በወጉ ያልለየ ሰው ሲመጣ፣ ደብዳቤውን ቁጭ አድርጎ ማንበብና የመጨረሻውን ቀን በጣት መቁጠር አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ቅሬታ ሲቀርብም በሁለት ቅጂ ተቀብሎ በሁለተኛው ላይ የገባበትን ቀን፣ የመዝገብ ቁጥሩንና ማኅተሙን አድርጎ ለባለቤቱ መመለስ ይገባል። «ሹሙ የሉም፤ ነገ ይምጡ» ተብሎ የተመለሰ ሰው ነገ ሲመጣ 22ኛው ቀን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ባለጉዳይ ማመልከቻውን በዚያው ቀን በአደራ ፖስታ ልኮ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ከቅጂው ጋር አያይዞ ያስቀምጥ።